የደጋፊ ቡድን እንዴት ይደራጃል? በስታዲየምስ እንዴት ይመራል?

አንድ ሺህ ደጋፊ በስታዲየሙ ዙሪያ ተበታትኖ ቢጮኽ ሜዳው ላይ የሚደርሰው ጫጫታ ነው። መቶ ሰው ግን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ አንድ እጅ እያየና አንድ ከበሮ እየተከተለ ቢዘምር ተጫዋቹ ቃሉን ለይቶ ይሰማዋል። የተደራጀ የደጋፊ ቡድን የሚቋቋመው ይህን ልዩነት ለመፍጠር ሲሆን፣ ልዩነቱን የሚያመጣውም ሥርዓት ነው። ይህ መመሪያ አዲስ ቡድን ለማቋቋም ለሚያስቡ ወይም ያለውን ቡድን መልክ ለማስያዝ ለሚፈልጉ ሰዎች፣ ከምሥረታው እስከ ጨዋታው ማግስት ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ባህሉ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. የክሮኤሺያዋ ስፕሊት ከተማ ልጆች የሆኑ ተማሪዎች፣ በዚያው ዓመት በብራዚል በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ስለታዩት ደጋፊዎች በሰሙት ነገር ተማርከው ለሃይዱክ ክለብ «ቶርሲዳ» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «አልትራስ» የሚባሉት ቡድኖች በጣሊያን ብቅ ብለው ከግብ ጀርባ ያለውን ትሪቡን፣ ማለትም የተመልካቾች ክፍል፣ የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በየአህጉሩ የተነሡት ቡድኖች በስምና በቀለም ቢለያዩም ቋሚ ቦታ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የሚመራ አስጨፋሪ፣ የቡድኑ ስም የተጻፈበት ባነር እና ሁሉም የሚያውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያልተጻፈ ደንብ አላቸው። ያልተጻፈ ደንብ ቡድኑ ትንሽ ሳለ ይበቃል፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው በስም የማይተዋወቁበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ቢያንስ ዋና ዋናውን በጽሑፍ ማስፈር ግድ ይላል።

አንደኛ ርምጃ፦ ዓላማንና ገደብን መወሰን

ለምሥረታ ብዙ ሰው አያስፈልግም። በዝናብም በሽንፈትም ሳይቀር የሚመጡ አሥራ አምስት ሰዎች፣ በትልቅ ጨዋታ ብቻ ብቅ ከሚሉ ሦስት መቶ ሰዎች ይልቅ ለቡድን መሠረት ይሆናሉ። መስራቾቹ ስም ከማውጣታቸውና ስካርፍ ከማሠራታቸው በፊት ተቀምጠው ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቡድኑ ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ይዘምራል ወይስ አልፎ አልፎ? ክለቡ ከሜዳው ውጭ ሲጫወት ይጓዛል? ተጋጣሚንና ዳኛን መስደብ ይፈቅዳል ወይስ የራሱን ክለብ ብቻ ያበረታታል? ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ዘር በትሪቡን ላይ ምን ይባላል፣ ምንስ አይባልም? የእነዚህ መልስ በአንድ ገጽ ተጽፎ እያንዳንዱ አዲስ አባል ሲገባ የሚያነበው ሰነድ መሆን አለበት፤ ገጹ ከአንድ በላይ ከሆነ የሚያነበው አይገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የአባልነት መዋጮ፣ የስካርፍና የቲሸርት ሽያጭ፣ በትሪቡኑ መግቢያ ላይ የሚዞር የመዋጮ ሣጥን ንጹሕ ምንጮች ናቸው። ከክለቡ አመራር የሚመጣ ነጻ ቲኬትና ነጻ አውቶቡስ ግን በእኔ እምነት ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል፤ ነጻ ቲኬት የተቀበለ ቡድን አመራሩ ሲያጠፋ ዝም ይላል፣ ወይም ቲኬቱን መሸጥ ይጀምራል። በአርጀንቲና «ባራ ብራባ» የሚባሉት ቡድኖች በቲኬት ንግድና በመኪና ማቆሚያ ገቢ ውስጥ ገብተው፣ ያንን ገቢ ለመቆጣጠር በአንድ ክለብ ደጋፊዎች መካከል ሳይቀር ደም እስከ መፋሰስ መድረሳቸው በሰፊው የታወቀ ነው። ስለዚህ ገቢና ወጪው በሁለት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ሒሳቡም ቢያንስ በየዓመቱ አጋማሽ ለአባላት ይነበብ።

ሁለተኛ ርምጃ፦ ቦታ መምረጥ

የደጋፊ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከግብ ጀርባ የሚቆመው በሦስት ምክንያቶች ነው፦ ቲኬቱ ረከስ ይላል፣ ቆሞ መመልከት የሌላውን እይታ እምብዛም አይከልልም፣ ከላይ ጣሪያ ካለም ድምፁን መልሶ ወደ ሜዳው ይልካል። ጣሪያ ያለው ትሪቡን ከተገኘ ቡድኑ ወደ ኋለኛው ረድፍ ጠጋ ቢል ይሻላል፤ ፊት ለፊት ያሉት ረድፎች ለእይታ ቢመቹም ድምፃቸው ወደ ሰማይ ይበተናል። ቦታው አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም። ዘወትር እዚያው መገኘት ነው አዲስ ሰው ዜማውን ሰምቶ እንዲጠጋ፣ መቀመጥ የሚፈልግ ተመልካችም አስቀድሞ አውቆ ሌላ ቦታ እንዲቆርጥ የሚያደርገው።

መቆም የሚፈቀድ መሆኑን ከክለቡ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና። በጀርመን የመቆሚያ ትሪቡኖች አልጠፉም፤ የቦሩሲያ ዶርትሙንድ ደቡባዊ ትሪቡን በአገር ውስጥ ውድድር ወደ 25,000 የሚጠጋ ሰው ቆሞ ይመለከትበታል። በእንግሊዝ ግን በሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የሁለቱ ከፍተኛ ሊጎች ስታዲየሞች በሙሉ ባለ ወንበር እንዲሆኑ ተደርጎ፣ በልዩ ፈቃድ መቆም የተመለሰው በ2022 ነው። ከዚያ አደጋ ለቡድን መሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ጓደኛን በሌላ ክፍል ቲኬት ወደ ራስ ክፍል ማስገባት፣ በመተላለፊያ ደረጃ ላይ መቆም ወይም የአደጋ ጊዜ በርን በባነር መሸፈን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ቡድኑ ለየመተላለፊያው አንድ ሰው መድቦ ደረጃውን ክፍት ያድርግ፤ አስተናባሪ መጥቶ እስኪናገር መጠበቅ አይገባም።

ሦስተኛ ርምጃ፦ ከክለቡና ከጸጥታ ክፍሉ ጋር መነጋገር

የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት፣ ዩኤፋ፣ ከ2012/13 የውድድር ዘመን ጀምሮ የክለብ ፈቃድ የሚፈልግ ክለብ ሁሉ የደጋፊዎች ጉዳይ አገናኝ ሠራተኛ እንዲኖረው ያስገድዳል። እንዲህ ያለ ሰው በሌለበት አገርም ቢሆን ቡድኑ በክለቡ ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው፣ ክለቡም በቡድኑ ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው ሊኖረው ይገባል። ሰው በየሳምንቱ እየተቀያየረ የሚካሄድ ንግግር መተማመንን አይፈጥርም።

ከጨዋታው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሚገቡት ዕቃዎች ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጥ፤ ይኸውም የከበሮ ብዛት፣ የባንዲራ ዘንግ ርዝመት፣ የባነር ስፋትና በላዩ የተጻፈው ቃል ነው። ከበሮ በአንድ ወገን ክፍት ከሆነ ፍተሻው ፈጣን ይሆናል፤ ሁለቱም ወገን የተሸፈነ ከበሮ በብዙ ስታዲየሞች በር ላይ ይቀራል። ዘንግ ከእንጨት ወይም ከብረት ሳይሆን ውስጡ ባዶ ከሆነ ቀጭን ፕላስቲክ ቢሠራ ይመረጣል። ለባነር ጨርቅ እሳት የመቋቋም ማረጋገጫ የሚጠይቁ ስታዲየሞች ስላሉ ጨርቁ ከመገዛቱ በፊት ይህ ይጠየቅ። ቀለም የተቀባ ስድስት መቶ ካሬ ሜትር ጨርቅ ይዞ በር ላይ መመለስ የወራት ሥራን ከንቱ ማስቀረት ነው።

አራተኛ ርምጃ፦ አስጨፋሪውንና ከበሮውን ማዘጋጀት

አስጨፋሪ የሚሆን ሰው ሲመረጥ ድምፁ ከፍተኛ የሆነውን መፈለግ የተለመደ ስሕተት ነው። ጩኸቱን የሚሸከመው ትሪቡኑ ነው፤ ከአስጨፋሪው የሚፈለገው እጁን በግልጽ ማንቀሳቀስ፣ የሰዉን ፊት ማንበብ፣ እና ከሁሉም በላይ ጨዋታውን ላለማየት መስማማት ነው። ዘጠና ደቂቃ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የሚቆም ሰው ጎሉን የሚያውቀው ከሰዉ ዓይን ነው። ስለዚህ ከጎኑ ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞረ አንድ ረዳት ይቁምና ያለውን ሁኔታ በአጭሩ ይንገረው፤ ትከሻውን አንዴ መታ ሲያደርገው የማዕዘን ምት፣ ሁለቴ ሲሆን ተጫዋች ተጎድቷል፣ እጁን ሲጨብጠው ደግሞ አቁም ማለት እንዲሆን አስቀድመው ይስማሙ። ሁለት አስጨፋሪዎች በየአጋማሹ ቢፈራረቁ ድምፅም ትዕግሥትም ይተርፋል። የጠጣ ሰው መድረኩ ላይ አይወጣም፤ ይህ ደንብ ድርድር የለውም፣ ምክንያቱም በሺህ የሚቆጠር ሰው የአንድን ሰው እጅ ተከትሎ ይቆጣል ወይም ይረጋጋል።

የእጅ ድምፅ ማጉያ የሚያገለግለው የሚቀጥለውን ዜማ ለማስታወቅና የመጀመሪያውን ስንኝ ለማስያዝ ነው። ዜማው ከተያዘ በኋላ መሣሪያው ይውረድ፤ በማጉያው ውስጥ ሲዘፍን የሚቆይ አስጨፋሪ ሰዉን አድማጭ ያደርገዋል።

ከበሮን በተመለከተ ብዙ ቡድን የማያስተውለው የድምፅ ፍጥነት ጉዳይ አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከከበሮው 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ምቱን የሚሰማው የሰከንድ ሲሶ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት ለሚሄድ ዜማ ይህ ከግማሽ ምት በላይ ነውና ራቅ ያለው ክፍል በጆሮው ብቻ ከተመራ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድምፁም ሜዳው ላይ ሲደርስ ተንዛዝቶ ቃሉ አይለይም። መፍትሔው ሁለት ነው። ከበሮው በክፍሉ መካከል ይቀመጣል፣ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚቆሙት ረዳት አስጨፋሪዎችም ከበሮውን ከመስማት ይልቅ የዋናውን አስጨፋሪ እጅ እያዩ ይመራሉ። ሁለተኛ ከበሮ ካለ ሁለተኛው መቺ ዓይኑን ከመጀመሪያው መቺ ዱላ ላይ አይነቅልም። ከበሮዎችን ለማስዋብ ብሎ በትሪቡኑ ሁለት ጫፍ ላይ ማስቀመጥ በፎቶ ያምራል፣ ዜማውን ግን ለሁለት ይከፍላል።

አምስተኛ ርምጃ፦ ዜማ መምረጥና ማስተማር

ለትሪቡን የሚሆን ዜማ አጭር ነው። ሁለት ወይም አራት ስንኝ ያለው፣ ያልሠለጠነ ሰው ሳይጨነቅ የሚደርስበት ከፍታ ላይ የሚቆይ፣ ቃሎቹም በረጅም አናባቢ የሚያልቁ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ዜማ ወስዶ አዲስ ግጥም መግጠም የቆየ ልማድ ነው። ሕዝብ በአንድነት ሲዘምር ሳይታወቀው እየፈጠነ ስለሚሄድ ከበሮው ከሚፈለገው ፍጥነት ትንሽ ዘግየት ብሎ ይጀምር። በ2016 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ዋንጫ የአይስላንድ ደጋፊዎች ያሳዩትን ጭብጨባ ያስታወሰ ይህን ይረዳል፤ ጉልበቱ ያለው በሁለት ጭብጨባ መካከል ባለው ረጅም ዝምታ ውስጥ ነበር፣ ፍጥነቱም የጨመረው መሪው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

አዲስ ዜማ በትልቅ ጨዋታ ላይ አይጀመርም። መጀመሪያ ንቁ የሆኑት አባላት ከጨዋታ በፊት ተሰብስበው ይለማመዱት፤ ቀጥሎ ብዙ ውጥረት በሌለበት ጨዋታ፣ ሜዳው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ መካከለኛው ክፍል ብቻውን ሦስት አራት ጊዜ ይዘምረው። ጎኑ ያለው ሰው ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ከጀመረ ዜማው ይኖራል፤ በሦስት ጨዋታ ካልተያዘ ግጥሙን የጻፈው ሰው ቢቀየምም ይተው።

የትኛው ዜማ መቼ እንደሚነሣም ልምድ አለው። ክለባቸው ተጋጣሚውን ሲጫን ፈጣንና ደጋግሞ የሚመታ ዜማ፣ ኳስ በመሐል ሜዳ ስትንሸራሸር ረጅም ዜማ፣ ተጋጣሚ የፍፁም ቅጣት ምት ሲመታ ፉጨት ይሰማል። ክለባቸው ጎል ሲቆጠርበት አስጨፋሪው ኳሱ ወደ መሐል ከመመለሱ በፊት ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ ማንሣት አለበት፤ የቡድን ጥንካሬ የሚታወቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ተጫዋች፣ የማንም ክለብ ይሁን፣ በከባድ ጉዳት ከወደቀ ከበሮው ይቆማል። ለኅሊና ጸሎት ዝምታ ሲታወጅ ደግሞ የከበሮ ዱላዎቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ በእጅ ከተያዙ አንዱ ሳያስበው ይመታል።

ከሌላ ቡድን መዋስ ነውር አይደለም። የፖላንዱ ሌክ ፖዝናን ደጋፊዎች ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ሲዘሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ያዩት የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ጭፈራውን ወስደው በዚያው ከተማ ስም ይጠሩታል። ምንጩን መጥራት ጨዋነት ነው።

ስድስተኛ ርምጃ፦ የትሪቡን ትርዒት

ከጨዋታው በፊት ትሪቡኑን በሥዕል የሚሸፍነው ትርዒት፣ በብዙ አገር ቲፎ የሚባለው፣ ከሁሉ ይበልጥ ዝግጅት ይጠይቃል። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እያንዳንዱ ተመልካች ባለ ቀለም ወረቀት ከፍ አድርጎ የሚሠራው ሲሆን፣ ሌላው በትልቅ ጨርቅ ላይ የሚሳለው ነው።

የወረቀቱ ሥራ የሚጀምረው ከወንበር ቆጠራ ነው። 40 ረድፍና በየረድፉ 60 ወንበር ያለው ክፍል 2,400 ወረቀት ይፈልጋል፤ ለሚቀደድና ለሚጠፋ አሥር በመቶ ይጨመርበት። ሥዕሉ በካሬ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ካሬ አንድ ወንበር ሆኖ ይነደፋል። እዚህ ላይ ስመ ጥር ቡድኖችን ሳይቀር ያሳፈረ ስሕተት አለ፦ ንድፉ የሚያሳየው ከተቃራኒ ትሪቡን የሚታየውን መልክ ነው፤ ወረቀቱን የሚያድለው ሰው ግን ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ካደለ ግራው ቀኝ ይሆንና ጽሑፉ ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ ዕደላው የሚካሄደው ጀርባን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ንድፉን በእጅ ይዞ፣ ከላይኛው ረድፍ ወደ ታች ነው። ነፋስ ስለሚወስደው ወረቀቱ በወንበሩ ጀርባ በተለጣፊ ይያዝ፤ «ተጫዋቾቹ ሲወጡ ከፍ አድርገው ይያዙ፣ አስጨፋሪው እጁን ሲያወርድ ያውርዱ፣ አይጣሉት» የሚል አጭር ማስታወሻም ይታተምበት። ከማስታወሻው የመጨረሻው ቃል ዋጋ አለው፤ የተጣለ ወረቀት ወደ ሜዳው ይበራል፣ ክለቡንም ያስቀጣል።

የጨርቁ ሥራ ሰፊ አዳራሽ ይፈልጋል። ንድፉ በካሬ ተከፋፍሎ፣ በወረቀት ላይ ያለው አንድ ሴንቲ ሜትር በጨርቁ ላይ አንድ ሜትር እንዲሆን መስመር ይሰመራል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሠዓሊ የራሱን ካሬ ብቻ ይቀባል። ክብደቱን አስቀድሞ ማስላት ይገባል፦ በካሬ ሜትር 100 ግራም የሚመዝን ጨርቅ 20 በ30 ሜትር ሆኖ ሲሰፋ ቀለም ሳይጨምር 60 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ውኃ ከጠጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ስፌቱ ድርብ ይሁን፣ የሚጎተትበት ጠርዝም በገመድ ይጠናከር። ጨርቁ ከታችኛው ረድፍ ተነሥቶ በሰው እጅ ላይ ወደ ላይ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ሰው ምንም አያይም፣ ይሞቀዋል፣ ሕፃናትም ይደነግጣሉ። በየአምስት ረድፉ አንድ ኃላፊ ቆሞ ጨርቁ እንዳይያዝ ይጠብቅ፣ የታመመ ሰው ካለ በመተላለፊያው ያስወጣ፤ ትርዒቱም ከሁለት ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። ከጨርቅ ሥር ክብሪት የሚጭር ሰው በዚያው ቅጽበት ከቡድኑ ይሰናበታል።

ንድፉን ከተጋጣሚ ደጋፊዎች መደበቅ የጨዋታው ደስታ ነው፤ ከክለቡ የጸጥታ ኃላፊ መደበቅ ግን ሞኝነት ነው።

የቡድኑ ዋና ባነር የተለየ ክብር አለው። በአልትራስ ባህል ባነሩ በተቀናቃኝ እጅ የገባበት ቡድን ስሙን አጥፎ ይበተናል የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ በ1968 የተመሠረተው የኤሲ ሚላን ፎሳ ዴይ ሌኦኒም በ2005 እ.ኤ.አ. የተበተነው ከባነር ጋር በተያያዘ ውዝግብ ነው። ባነሩን ሁለት የታመኑ ሰዎች እየተፈራረቁ ቢጠብቁትና በአንድ መኪና ብቻ ባይጓዝ ይበጃል። ሆኖም ለጨርቅ ሲባል ሰው መደብደብና መደብደቡን እንደ ጀግንነት መቁጠር ባህሉን ከውስጥ የሚበላ ነገር ነው፤ የተሰረቀ ባነር እንደገና ይሰፋል።

ሰባተኛ ርምጃ፦ የማይታለፉ ክልከላዎች

በዩኤፋ የዲሲፕሊን ደንብ መሠረት ርችት ማቀጣጠል፣ ዕቃ መወርወር፣ የሌዘር ጨረር መጠቀም፣ ወደ ሜዳ መግባትና ለስፖርት የማይገባ መልእክት ማሳየት ክለቡን ያስቀጣሉ፤ ክለቡ ጥንቃቄ አድርጌ ነበር ቢልም ከኃላፊነት አያመልጥም። በዘረኝነት ድርጊት ደግሞ የመጀመሪያው ጥፋት እንኳ ቢያንስ የስታዲየሙን ከፊል መዘጋት ያስከትላል። ዘረኛ ዝማሬ ሲሰማ ዳኛው መጀመሪያ ጨዋታውን አቁሞ በድምፅ ማጉያ እንዲነገር ያደርጋል፣ ካልቆመ ተጫዋቾቹን ወደ መልበሻ ክፍል ይልካል፣ በመጨረሻም ጨዋታውን ያቋርጣል። አስጨፋሪው ግን የዳኛውን ፊሽካ አይጠብቅም፤ በአንድ ጥግ የተነሣ ዘረኛ ጩኸት የሚጠፋው ከበሮው ወዲያው ሌላ ዜማ ሲመታበትና በአቅራቢያው የቆሙት አባላት ፊታቸውን ወደ ጯኺው ሲያዞሩበት ነው። የጀርመኑ ሳንክት ፓውሊ ክለብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቀኝ አክራሪዎችን እንቅስቃሴ ከስታዲየሙ በደንብ ሲያግድ ግፊቱ የመጣው ከራሱ ደጋፊዎች ነበር።

የእሳት ችቦና ርችት ጉዳይ ደጋፊዎችን ራሳቸውን ይከፋፍላል። ብዙ ቡድኖች የባህላችን አካል ነው ይላሉ፤ ውበቱንም የሚክድ የለም። ነገር ግን በእጅ የሚያዘው ችቦ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይነድዳል፣ ውኃ ቢደፉበትም በቀላሉ አይጠፋም፤ ጭሱም አስም ላለበት ሰው አደጋ ነው። ወደ ላይ የሚተኮሰው የመርከብ ምልክት ርችት ደግሞ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። በኅዳር 1993 እ.ኤ.አ. በካርዲፍ በዌልስና በሩማንያ ጨዋታ አንድ ተመልካች፣ በየካቲት 2013 ደግሞ በቦሊቪያዋ ኦሩሮ ከኮሪንቲያንስ ደጋፊዎች ክፍል በተተኮሰ ርችት የ14 ዓመት ልጅ ሞተዋል፤ የብራዚሉ ክለብም ያለ ተመልካች እንዲጫወት ተደርጓል። ፈቃድ በሌለበት ቦታ የቡድኑ ደንብ ሙሉ ክልከላ ይሁን፤ የሚተኮሰው ዓይነት ግን የትም ቢሆን አይፈቀድ።

ወደ ሜዳ መግባትም በደስታ ቢሆን ክልክል ነው። በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. በግብፅ ፖርት ሳይድ ከአል ማስሪና ከአል አህሊ ጨዋታ በኋላ ሜዳውን የወረሩ ሰዎች በእንግዳው ክለብ ደጋፊዎች ላይ ባደረሱት ጥቃትና በተዘጋው መውጫ ላይ በተፈጠረው መጨናነቅ ከ70 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ስምንተኛ ርምጃ፦ ከሜዳ ውጭ መጓዝ

ለእያንዳንዱ አውቶቡስ የተሳፋሪዎችን ስምና ስልክ የያዘ አንድ ኃላፊ ይመደብ። የመነሻ፣ የመድረሻና የመመለሻ ሰዓት ለአስተናጋጁ ክለብ አስቀድሞ ይነገር፤ የአስተናጋጁ ስታዲየም የሚከለክለው ዕቃም ከጉዞው በፊት ለሁሉም ይነበብ። ከጨዋታው በኋላ የእንግዳ ደጋፊዎች ክፍል ዘግይቶ እንዲወጣ ይደረጋልና ምግብና ውኃ እንዲሁም የመመለሻ ሰዓት በዚያ ይታሰብ። በመንገድ ላይ ተነጥሎ መሄድና በተቀናቃኝ ሠፈር ስካርፍ አውለብልቦ ማለፍ ጀግንነት አይደለም፤ ጓደኞችን ለጠብ መዳረግ ነው። ወጣት አባላት ከወላጅ ፈቃድ ጋር ይጓዙ።

ዘጠነኛ ርምጃ፦ ጥፋትና የውስጥ ቅጣት

ቅጣትን አስጨፋሪው አይወስንም። ከእሱ የተለዩ ሦስት ሰዎች ጥፋተኛ የተባለውን ሰምተው ይወስኑ፤ ቅጣቱም ከማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ለጥቂት ጨዋታዎች ከክፍሉ መራቅ፣ በመጨረሻም መሰናበት ሆኖ በአንድ ገጹ ሰነድ ውስጥ የተጻፈ ይሁን። ሰውን መምታት፣ ማሊያ ማስወለቅ፣ ስልክ ቀምቶ መፈተሽ የቡድን ሥልጣን አይደለም። ሴት ደጋፊን ማንገላታት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ወዲያው ያሰናብታል፣ ጉዳዩም ወደ ሕግ ይሄዳል። ብዙ ቡድን «የቤታችን ጉዳይ ነው» እያለ ከባድ ወንጀልን ሲሸፍን የሚያጣው ያንን አንድ ጥፋተኛ ሳይሆን በዝምታ ቤታቸው የሚቀሩትን መልካም አባላት ነው።

አሥረኛ ርምጃ፦ ተቃውሞ

ቡድኑ ከክለቡ ወይም ከሊጉ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ዝምታ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጀርመን ደጋፊዎች የታቀደውን የስታዲየም ጸጥታ ሰነድ በመቃወም በየጨዋታው ለመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ዝም ብለው ነበር። በየካቲት 2016 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የአንድ ቲኬት ዋጋ 77 ፓውንድ ሊሆን መታቀዱን ተቃውመው በ77ኛው ደቂቃ በብዙ ሺህ ሆነው ስታዲየሙን ለቀው ሲወጡ፣ ባለቤቶቹ በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ሻሩ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ የጀርመን ደጋፊዎች የቴኒስ ኳሶች ወደ ሜዳ እየወረወሩ ጨዋታዎችን አቋርጠው ሊጉ ከባለሀብት ጋር የጀመረው ድርድር እንዲቆም አደረጉ፤ ስልቱ ውጤት ቢያመጣም ዕቃ መወርወር ስለሆነ ክለብን ለቅጣት ሊዳርግ ይችላል።

ከሦስቱም የሚገኘው አሠራር አንድ ነው። ጥያቄው አንድና አጭር ይሁን፣ ሰዓቱ ለሁሉም በግልጽ ይታወቅ፣ መጀመሪያውና ማብቂያው የተወሰነ ይሁን፣ ከቡድኑ ውጭ ያለው ተመልካችም ምክንያቱን ከጨዋታው በፊት በወረቀት ያንብበው። ማብቂያው ሲደርስ ቡድኑ ወደ ዝማሬው ካልተመለሰ ተጫዋቾቹ ተቃውሞው በእነሱ ላይ የተነሣ መስሏቸው ይሸበራሉ።

ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ

ውጤቱ ምንም ይሁን ተጫዋቾቹ ወደ ትሪቡኑ ሲመጡ አንድ ዜማ ይሰማቸው፤ ስድብ ካለ ለስብሰባ ይቆይ። ወረቀቱና ቆሻሻው ይሰብሰብ፤ የጃፓን ደጋፊዎች በ2018 የዓለም ዋንጫ በቤልጂየም 3 ለ 2 ተሸንፈው እያዘኑ እንኳ የተቀመጡበትን አጽድተው ወጥተዋል። ከበሮ፣ ዘንግ፣ ማጉያና ባንዲራ ከመግቢያው ዝርዝር ጋር ተመሳክሮ ይቆጠር። በነጋታው ወይም በሁለተኛው ቀን አስጨፋሪዎቹ፣ ከበሮ መቺዎቹና የመተላለፊያ ኃላፊዎቹ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው የትኛው ዜማ እንደሞተ፣ የትኛው ክፍል ወደ ኋላ እንደቀረ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ ሰው እንደታጨቀ ይነጋገሩ። የረጠበ ባነር ተጠቅልሎ ካደረ ቀለሙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሲገለጥ ይላጣልና፣ ከስብሰባው በፊት ተዘርግቶ መድረቁን አንድ ሰው ያረጋግጥ።